ይቀባ ወይስ ይቅር?

ከቀለም ሥራ የወጣሁት አፍንጫዬ ስለከዳኝ ነው። እጄ ገና አልደከመም፤ ዓይኔም በመነጽር እየተረዳ ያያል። አንድ ቀን ጠዋት ግን ቲነር መስሎኝ በነጭ ጋዝ ቀለም በጠበጥኩና ቀለሙ እንደተበላሸ አጥሚት ተቋጠረብኝ። ሽታው ጎረቤት ወርሻ፣ እዚህ ጋራዥን እንዲያ ነው የምንለው፣ ድረስ ደርሶ ሰዎቹ አፍንጫቸውን ይዘው ሲሮጡ መጡ። ያልሸተተኝ እኔ ብቻ ነበርኩ።

«ሐጃ የሺ፣ ይሄ እኮ ነጭ ጋዝ ነው! ልታቃጥዪን ነው እንዴ?»

ሐጃ የሚሉኝ መካ ደርሼ አይደለም። እዚህ ሱዳን፣ ገዳሪፍ፣ ፀጉሯ የሸበተ ሴት ሁሉ ሐጃ ናት። እኔ ክርስቲያን ነኝ ስላቸው «ምንም አይደል፣ አንቺም ሐጃ ነሽ» ይሉኛል። እንግዲህ አፍንጫ የሌለው ቀለም ቀቢ ምላስ እንደሌለው ወጥ ቀማሽ ነውና መርጫዬን አጥቤ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ ቤቴ ገባሁ።

ገባሁ እንጂ ማን ያስቀምጠኛል! አሮጌ መኪና ያለው ሁሉ በሬ ላይ እየቆመ ጥሩምባ ይነፋል። «እማማ የሺ፣ ይቺን በርካሽ ላስቀባት ወይስ ልተዋት?» ባለፈው ለቅሶ ቤት ተቀምጬ እንኳ አንዱ ጆሮዬ ሥር ተጠጋና «ነፍስ ይማር፤ የኔ ኮፈኖ ግን ነጣ ነጣ ብሏል፣ ምን ትያለሽ?» አለኝ። ለሞተውም ለኮፈኖውም አንድ ላይ አለቀስኩላቸው። ስለዚህ የማውቀውን አንዴ ጽፌ ልገላገል ብዬ ነው ይህን የጀመርኩት።

ትምህርት ቤት ደጃፉን ረግጬ አላውቅም። ፊደል የቆጠርኩት በመኪና መስታወት ላይ ነው። መኪና ከመረጨቱ በፊት መስታወቱ በጋዜጣ ይሸፈናል። ያኔ በመተማ በኩል ዕቃ ተጠቅልሎበት የሚመጣ የአማርኛ ጋዜጣ ነበር፤ ለጣፊዋ ደግሞ እኔ ነበርኩ። አስተማሪዬ አያ ኑሩ ስለጥፍ ከኋላዬ ቆሞ በጣቱ ይጠቁማል። «ይቺ ማን ናት?» «በ።» «ይቺስ?» «ቡ።» ለጥፈን ስንጨርስ መኪናው ይረጫል፤ ትምህርቴም አብሮ ይቀባል። ብዙ ወሬ መጀመሪያውን እንጂ መጨረሻውን ሳላነብ የቀረሁት ለዚያ ነው።

አያ ኑሩ የጎንደር ሰው ነበር፤ ሙስሊም፣ ረዥም፣ ጢሙ ላይ የሆነ ቀለም የማይጠፋ። ሥራውን የተማረው አስመራ፣ ጣሊያኖች ትተውት በሄዱት ጋራዥ ነው። እኔ በክፉው ዘመን ልጅ አዝዬ ድንበሩን ስሻገር እሱ እዚህ ገዳሪፍ አንድ ሱዳናዊ ባለወርሻ ጋ ዋና ቀለም ቀቢ ሆኖ ቆየኝ። ባለቤቴ ሰሊጥ አጨዳ ሲወርድ እኔ የወርሻውን ሠራተኞች ልብስ አጥብ ነበር። አንድ ቀን የታጠበውን አድርሼ ስመለስ፣ ስርጉዷ በስቱኮ ተሞልቶ ለመረጨት የተዘጋጀች መኪና በር ላይ እጄን አሳረፍኩ።

«እዚህ ጋ ጉብ ያለ ነገር አለ» አልኩ፣ ለማንም ሳልል።

ሦስት ወንዶች ያንን በር ሲፈትጉና ሲዳስሱ ነው የዋሉት። ሳቁብኝ። አያ ኑሩ ብቻ አልሳቀም። መጣና ሻሹን ከራሱ አውልቆ በሩ ላይ ዘረጋ፤ በሻሹ ላይ መዳፉን አሳለፈ። በባዶ እጅ ያልተገኘ ጉብታ በስስ ጨርቅ ላይ ሲያልፉበት ይታወቃል፤ ይህን የተማርኩት በዚያች ቅጽበት ነው። ቆመ። አገኛት።

«ጥጥ ትፈትያለሽ?» አለኝ።

«ከልጅነቴ ጀምሮ።»

«በቃ። ክር ላይ ቋጠሮ የሚያገኝ እጅ ስቱኮ ላይ አይሳሳትም። ነገ ነይ።»

ባለወርሻው ሰማና እጁን አወናጨፈ። «ኑሩ፣ አበድክ? ሴት የምትቀባው ሒና ነው!»

«ሒናም እኮ ቀለም ነው» አለው አያ ኑሩ። «ያውም አይላላጥም። ያንተን አይተነዋል።»

ባለወርሻው ሳቀ። አንዴ ካሳቅከው የሚሸነፍ ሰው ነበር፤ በነጋታው ገባሁ። ደሞዜ ከወንዶቹ ግማሽ ነበር፤ እሱን ለማስተካከል የፈጀብኝን ዓመት ልቁጠረው ብል ወረቀቱ አይበቃኝም።

አያ ኑሩ መኪና ሲመጣለት መጀመሪያ ቀለሙን አያይም። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ አንዴ ይዞርና ባለቤቱን «ምንጣፉን አንሣው» ይለዋል። ሰውየው «እኔ የመጣሁት ለቀለም ነው» ካለ፣ «ቀለም ልብስ ነው፤ ልብስ ከመግዛትህ በፊት ሰውየው በሕይወት መኖሩን እንይ» ይለዋል። ምንጣፉ ተነሥቶ ወለሉ ዝገት የበላው ከሆነ ወሬው እዚያው ያልቃል። ደህና ከሆነ ከአንገቱ ላይ ማግኔቱን ያወጣል። ከተሰበረ ራዲዮ ያወጣት ማግኔት ናት፤ መኪና እንዳትጭር ጨርቅ አልብሷት በክር አንጠልጥሏታል። የበሩን ታችኛ ጠርዝ፣ የጎማውን ዙሪያ፣ ፓራፋንጎውን እየነካ ይሄዳል። ከያዘች ብረት ነው። ከወደቀች ከሥሩ የቆየ ስቱኮ አለ ማለት ነው። አንድ ጊዜ አንድ ጎን ላይ አራቴ ስትወድቅበት «ወንድሜ፣ ይሄ መኪና አይደለም፣ ሸክላ ነው፤ ዝናብ አታስመታው» ሲለው ሰውየው ተቆጥቶ ሄደ፤ በሳምንቱ ሻይ ሊጋብዘው ተመለሰ።

ከዚያ ጥፍር። ቀለሙን በጥፍር ጫን ሲሉት ቅርፊቱ ከተነሣ ያ ቀለም ሞቷል፤ በላዩ ቢረጩበት ሬሳ ላይ ልብስ መደረብ ነው። ካልተነሣ ኮፈኖው ጥግ ላይ ትንሽ ፖሊሽ ጠብ አድርጎ በአውራ ጣቱ ያሽና ያያል። ከሥር ቀለሙ ብልጭ ካለ ፀሐይ የመታው እንጂ የሞተ አይደለም። እውነቱን ልንገራችሁ፤ በዘመኔ ይቀባ ተብሎ ከመጣልኝ አሮጌ መኪና ግማሹ የሚያስፈልገው ሳሙናና ትዕግሥት ነበር። ይህን ለባለወርሻው አትንገሩት ይለን ነበር አያ ኑሩ፤ ባለወርሻው ግን ያውቃል፣ ዝም ይላል እንጂ።

መጨረሻ ላይ የሚጠይቃት ጥያቄ አለች። «ስንት ዓመት ልትነዳው ነው?» ልሸጠው ነው ያለውን «እጠበው» ይለዋል። ትኩስ ቀለም ያየ ገዢ ምን ተሸፍኖብኝ ይሆን ብሎ ነው የሚጀምረው። እነዳዋለሁ፣ እንጀራዬ ናት ያለውን ሞተሩን አስነሥቶ ያዳምጥለታል። ሞተሩም ወለሉም ደህና ከሆኑ «ይቀባ፤ በራሱ ቀለም ብቻ» ይላል። ርካሽ ቀቢ የበሩን ውስጥ አይረጭም። ነጩን ቀይ ካደረግከው በሩን በከፈትክ ቁጥር ነጩ ወጥቶ ሰላም ይልሃል።

ከእሱ ጋ ጥቂት ዓመት ሠርቼ እግሬ አላስቀምጥ አለኝ። እኔ እንዲህ ነኝ፤ አንድ ቦታ ስቀመጥ ወገቤን ያመኛል፣ ስሄድ ይሻለኛል። ኒው ሀልፋ ወረድኩ። እዚያ ትራክተርና የሸንኮራ ጭነት መኪና የሚያከራይ ሰው ወርሻ ነበረው። ሁሉም መኪና አንድ ቀለም፤ ሁሉም ላይ የሸንኮራ ውኃ ተጣብቋል፤ ረጭተህ ዞር ስትል ጉንዳን ሰልፍ ይዞ እርጥቡ ቀለም ላይ ይወጣና እዚያው ይደርቃል። አለቃው ደግሞ የሚቸኩል ሰው ነበር። እንግዳ ይመጣል በተባለ ቀን «ማጠቢያ ጊዜ የለም፣ ቀቡት!» ብሎን አንዱን ትራክተር ከነጭቃው ቀባነው። እንግዳው መጥቶ በእጁ ደገፍ ሲል የተቀባ ጭቃ ይዞ ቀረ። አለቃው አየኝ። እኔ ሰማዩን አየሁ።

ከዚያ ከሰላ። ከሰላ ላይ ሥራዬ ሪክሻ፣ በኛ አገር ባጃጅ፣ ነበር፤ ሪክሻ ደግሞ እንደ ሙሽራ ናት፣ ባለቤቱ ጌጥ እንጂ ቀለም አይጠይቅም። አበባ፣ ንስር፣ ዓይን። አንዱ ወጣት መጥቶ የፍቅረኛውን ስም ከኋላ አስጻፈኝ። ዓረብኛ መጻፍ አላውቅም፤ ከወረቀት ላይ እያየሁ እንደ አበባ ሣልኩለት። በሁለተኛው ወር ተመለሰ።

«ኻላ፣» አለኝ፣ አክስቴ ማለቱ ነው፣ «ስሙን አጥፊልኝ። ሌላ ልስጥሽ።»

አጥፍቼ ሌላ ሣልኩ። ክረምት ሳይወጣ ደግሞ መጣ።

«ልጄ፣» አልኩት፣ «‹ውዴ› ብለህ አስጽፍና ተገላገል። ለሁሉም ታገለግላለች።»

ከት ብሎ ሳቀ፤ እንዳልኩት አስጻፈ። ኋላ ሦስት ጓደኞቹን ይዞ መጥቶ «ለነዚህም ‹ውዴ› ጻፊላቸው» አለኝ።

እንዲህ ዞሬ ዞሬ ገዳሪፍ ተመለስኩ። አያ ኑሩ ዓይኑ እየደከመ ነበር፤ የወርሻውን ቀለም ሥራ በእኔ ጣለው። አሁን የምጽፈውን ብዘለው ደስ ይለኝ ነበር። ግን ይህን ካልጻፍኩ ሌላው ሁሉ ጉራ ይሆናል።

አም ዑስማን የሚባል ባለታክሲ ነበር። አም ማለት አጎት ነው፤ ሁሉም አጎቴ የሚለው ለስላሳ ሰው። ታክሲዋ ቢጫ፣ አሮጌ፣ ከእሱ ጋ ያረጀች። ክረምቱ ሊገባ ሲል ሴት ልጁን ሊድር ሆነ። ያኔ ያጠራቀማት ገንዘብ ሞተሩን ልታሠራ የተቀመጠች ነበረች፤ ሞተሩ ሰማያዊ ጭስ ይተፋል። መጣና መሃል ቆመ።

«ያ ኡኽቲ፣ እህቴ፣ ልቤ ለሁለት ተከፈለ። ሙሽራዋን በራሴ ታክሲ ላወጣት እፈልጋለሁ። ይቀባ ወይስ ሞተሩ ይሠራ?»

አያ ኑሩ ዓይኑን ሊታይ ከሰላ ሄዶ ነበር። ቢኖር ምን እንደሚል አውቃለሁ። እኔ ግን የሙሽራ መኪና ቀብቼ አላውቅም ነበርና ልቤ ዘለለች። ደግሞም ገዳሪፍ ሁሉ ያንን ታክሲ አይቶ «ይሄ የማን እጅ ነው?» ሲል ታየኝ።

«ይቀባ» አልኩት። «ሞተሩ እስከ ሰሊጥ አጨዳ ይቆያል።»

የገዳሪፍ ሰው አንድ ልማድ አለው። የሰሊጥ አገር ስለሆነ የሰሊጥ ዘይት ይተርፈዋል፤ አሮጌ መኪና ፀሐይ ሲያነጣው አርብ አርብ በሰሊጥ ዘይት ያሸዋል። ለበዓል፣ ለሰርግ፣ ለመስጊድ። ያበራል፣ ያምራልም። አም ዑስማን ደግሞ ያንን ታክሲ ስንት ዓመት ሲያሽ እንደኖረ እግዜር ይወቀው። ዘይቱ በያንዳንዷ ስንጥቅ ገብቶ ተቀምጧል። እኔ ይህን አላጣሁትም። ያኔ አፍንጫዬም ጤነኛ ነበር፤ ሸቶኛል። ግን በብርጭቆ ወረቀት ስፈትገው ይለቃል ብዬ ቸኮልኩ። ፍተጋ ደግሞ ዘይቱን አያወጣም፤ ጭረቱ ውስጥ እያሸ ያስገባዋል።

ጎህ ሲቀድ፣ ነፋሱ ሳይነሣ፣ መሬቱን ውኃ ረጭቼ ጀመርኩ። ቀለሙ ኮፈኖው ላይ እንዳረፈ ዓይን ዓይን እያወጣ ተከፈተ፣ እንደ ፈንጣጣ። ልብ ያለው ሰው እዚያ ያቆማል። እኔ አወፍሬ ደገምኩበት። ሦስተኛ ደገምኩበት። ተሸፈነ። ማታ ላይ ሲደርቅ እንደ እንቁላል አስኳል ሆነ። አም ዑስማን አይቶ አለቀሰ።

ሰርጉ አማረ። ሙሽራዋ በዚያ ታክሲ ወጣች፣ ሴቶቹ እልል አሉ፤ እኔም ከኋላ ቆሜ «የኔ እጅ ነው» አልኩ፣ ለሰማኝ ሁሉ። የመጀመሪያው ዝናብ ሲወርድ ቀለሙ ከኮፈኖው ላይ ልክ እባብ ቆዳውን እንደሚጥል በአንድ ላይ ተገሸለጠ። የሰፈር ልጆች ጠርዙን እየያዙ ይስቡታል። ይህ መልኩ ነው፤ መልክ ይታለፋል። የሰሊጥ አጨዳ በደረሰ ጊዜ ግን፣ ባለታክሲ የዓመቱን ቀለብ በሚያገኝበት በዚያ ወቅት፣ ሞተሩ ዶካ መንገድ ላይ ቆመ። ማሠሪያው ገንዘብ በእኔ መርጫ ውስጥ ገብቶ አልቋል። አም ዑስማን ያንን አጨዳ በሙሉ የሌላ ሰው መኪና ተቀጥሮ ነዳ፤ በሽምግልናው።

አንድ ቀን ወርሻ መጣ። አልጮኸም። ከደረት ኪሱ እንደ ደብዳቤ የታጠፈ ነገር አወጣና ጠረጴዛዬ ላይ አኖረው። የተገሸለጠው ቢጫ ቀለም ነበር።

«ያ ኡኽቲ፣ ይሄ ያንቺ ነው» አለኝና ሄደ።

ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። አያ ኑሩ ሲመለስ ያችን ቁራጭ አገላብጦ አያት፣ አሸተታት።  ባልዲ አነሣና ተጎትታ አም ዑስማን ደጅ ወደቆመችው ታክሲ ወሰደኝ፤ ኮፈኖዋ ላይ አንድ እፍኝ ውኃ ደፋ። ውኃው እንደ ዶቃ ተሰባስቦ ሮጠ።

«አየሽ? ንጹሕ ብረት ላይ ውኃ ይተኛል። ዘይት ላይ ይሸሻል። ሌላ ዕውቀት አያስፈልግም ነበር፤ አንድ እፍኝ ውኃ።» ባልዲውን አስቀመጠ። «እኔ ብኖርም ለአም ዑስማን ‹ይቅር› ማለት ይከብደኝ ነበር። ግን እለው ነበር።»

ያንን ታክሲ በምላጭ ገሽልጬ፣ በቤንዚን አጥቤ፣ በሙቅ ውኃና በሳሙና ደግሜ፣ ስንት ሳምንት በነጻ ሠራሁት። አያ ኑሩ መካኒኩን ለምኖ ሞተሩን በዱቤ አሠራ። ግራጫውን መሠረት ቀለም ስንቀባ አም ዑስማን «ኸላስ፣ ይበቃል» አለን። «ቢጫውን አልፈልግም። ግራጫ ሰው አያታልልም።» ትራፊኮቹ ግራጫ ታክሲ የት አገር አለ እያሉ ሲያቆሙት «ገዳሪፍ» እያለ ብዙ ዓመት ነዳት። በኋላ ሰላም ተባባልን፤ ሻይም ጋበዘኝ። ሻዩን ስጠጣ ግን ዓይኑን ማየት አልቻልኩም።

ከዚያ ወዲህ «ይቅር» ማለት ተማርኩ። እንዲያውም አበዛሁት መሰለኝ። ጦርነቱ ከካርቱም ሰው ሲያመጣብን አቧራ የጠጣ መኪናቸውን ቀብተው ሊሸጡ የሚመጡ ነበሩ፤ «እጠቡት፣ እሹት፣ እውነቱን ተናግራችሁ ሽጡት» እያልኩ መለስኳቸው። ወርሻው ውስጥ ያሉት ወጣቶች «እማማ የሺ በር ላይ ከተቀመጠች ሥራ አናገኝም» ብለው ወንበሬን ወደ ጓሮ አዞሩት።

እንግዲህ ቤቴ ከገባሁ በኋላ የመጣችውን የለተብርሃንን ነገር ልንገራችሁና ላብቃ።

ለተብርሃን ኡም ራኩባ የስደተኞች ካምፕ የምትኖር የትግራይ ሴት ናት፤ ባሏን በመንገድ ያጣች፣ ቀጭን፣ ቀልደኛ። አሮጌ ነጭ ቦክስ አላት፤ ከኋላዋ ክፍት የሆነችውን ጭነት መኪና ነው እዚህ ቦክስ የምንለው። ከዶካ ገበያ ሽንኩርትና ሰው ወደ ካምፕ ታመላልስባታለች። ኮፈኖው ከሌላ መኪና የተፈታ ስለሆነ ሰማያዊ ነው። አንድ የእርዳታ ቢሮ ክረምቱን ሙሉ ነርሶች የሚያመላልስ መኪና ሊከራይ ነው ተብሎ ተለጥፏል፤ መርማሪው ከሦስት ቀን በኋላ ይመጣል። ያንን ሥራ ካገኘች ክረምቱን ቤተሰቧን ይዛ ትሻገራለች። ካላገኘች ጭቃው መንገዱን ሲዘጋው ሽንኩርትም ሰውም የለም። በእጇ ያለው ገንዘብ አንድ ነገር ብቻ የሚያሠራ ነው።

«አደይ የሺ፣» አለችኝ፤ አደይ በእነሱ ቋንቋ እናቴ ማለት ነው፤ «ወርሻው በርካሽ፣ በሁለት ቀን ሙሉ ነጭ እናደርገዋለን ብለውኛል። ምን ትያለሽ? ይቀባ በይኝ፣ ደስ ይበለኝ።»

«ምንጣፉን አንሺው» አልኳት።

አነሣችው። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ከመኪናው ውስጥ ሆኜ መሬት ላይ የሚሄድ ጥንዚዛ ታየኝ።

«ይሄ ምንድነው?»

«ንፋስ ማስገቢያ ነው፣ አደይ። በጋ ላይ በጣም ጥሩ ነው።»

ሳቅኩ፤ ሳቄን ግን ዋጥኩት። አያ ኑሩ የተወልኝን ማግኔት ባስጠጋ የበሮቹ ታችም ያው ነው፤ አትይዝም። ቀለሙ ራሱ ግን በጥፍር አልተነሣም፤ ፖሊሽ ባሸው ነጩ ብልጭ አለ።

«ለተብርሃን፣ ገንዘቡን ወለሉ ላይ አውዪው። ላሜራ ይበየድበት። መልኩን በሳሙናና በፖሊሽ እናሸዋለን።»

ፊቷ ጠቆረ። «ሰውየው የሚያየው ላይ ላዩን ነው። ሌሎቹ ሁሉ እያስቀቡ ነው። ይሄ ሰማያዊ ኮፈኖ እንደ ፈረስ ጋማ ቆሞ ማን ይቀጥረኛል?»

«ነርሶቹ የሚቀመጡት ግን ውስጥ ነው። ጭቃ ላይ ስትነጥሪ እግራቸው ቢወርድስ?»

ወደ ቀዳዳው ጎንበስ ብላ አየች። እኔም ፈራሁ። ተሳስቼ ከሆነ የምትከስረው እሷ ናት፤ እኔ ወንበሬ ላይ ነኝ። አም ዑስማንንም «ይቀባ» ያልኩት በዚህ አፌ ነው። መጨረሻ ላይ ቁልፉን እጇ ውስጥ እያገላበጠች «አደይ፣ ከተበላሸ አብረሽኝ ሽንኩርት ትሸጫለሽ» አለች።

«እሸጣለሁ።»

«በጭቃ?»

«በጭቃ።»

ወለሉም የበሮቹም ታች ተበየዱ። ገንዘቡ እዚያው አለቀ። ሁለታችን በሳሙና አጠብናት፤ ውኃ ደፋሁባት፣ ተኛ። በፖሊሽ ስናሻት ክንዳችን ዛለ፤ ነጩ ወጣ፣ ሰማያዊው ደግሞ ከነጩ ብሶ አበራ። «ይሄማ ጭራሽ ጮኸ!» አለች ለተብርሃን እየሳቀችም እያለቀሰችም።

በቀኑ አብሬያት ኡም ራኩባ ሄድኩ። መኪኖቹ ተሰልፈዋል፤ አምስት ናቸው፤ አራቱ ትናንት የተቀቡ፣ እንደ ስኒ የሚያበሩ። መርማሪው ወረቀት የያዘ ወጣት ሱዳናዊ ነበር። አራቱን በደስታ ዞሮ አየና እኛ ጋ ሲደርስ እስክሪብቶውን አፉ ውስጥ አደረገ።

«ይሄስ ኮፈኖ ምንድነው?»

«ኮፈኖ ነው» አለች ለተብርሃን።

«አየሁት። ለምን አላስቀባሽም? ሁሉም አስቀብቷል። ገንዘብ አጣሽ?»

«ገንዘብማ ነበረኝ።»

«ታዲያ የት አለ?»

«ግባና ተቀመጥ፣ ላሳይህ።»

ገባ፣ ተቀመጠ። ዙሪያውን አየ። «የት?»

«እግርህ ሥር።»

ምንጣፉን ገለጠ። አዲሱን ላሜራ አየ። አንዴ ረገጠው፣ ሁለቴ ረገጠው። እኔ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ቆሜያለሁ። ከዚያ ወረደና ወደ እኛ ሳይሆን ወደ አራቱ የሚያበሩ መኪኖች ተመለሰ፤ ምንጣፍ ማንሣት ጀመረ። ባለመኪኖቹ ዞረው ያዩኝ ያኔ ነው።

«አንቺ ሐጃ! ምን አስተማርሽው?» አለኝ አንዱ።

«እኔ ምን አደረግኩ? ቆሜ ነው ያለሁት» አልኩት።

ከአምስቱ ሁለት መኪና ተቀጠረ። አንዷ የለተብርሃን ናት።

ክረምቱ ወጣ። ቦክሷ አንድም ቀን ሳትቆም ነርስ ስታመላልስ ከረመች፤ ዝገትም አልጨመረችም። ለተብርሃን ሽንኩርት ይዛልኝ ስትመጣ ምንጣፉን አነሣሁ፣ ማግኔቷን አስጠጋሁ፣ ሞተሩን አዳመጥኩ። ሁሉም ደህና ነው። ለብዙ ዓመት ያላልኩትን ቃል አፌን ሞልቼ አልኩት።

«አሁንማ ይቀባ! አሁን ይገባታል። ሙሉ ነጭ።»

«አይሆንም» አለች።

«እንዴት አይሆንም? ‹ይቀባ በይኝ› ብለሽ ስትለምኚኝ አልነበር?»

«አደይ፣ ግቢ እስቲ» አለችና ጋቢናው ውስጥ አስገባችኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ሰውን ተው፣ አትቀባ ስል ኖሬ፣ አንዴ ቅቢ ብል እምቢ መባሌ ከንክኖኝ ካምፑ መግቢያ እስክንደርስ ስነጫነጭ ሄድኩ። የክሊኒኩ ቀን ነበር፤ ውሏ ስለታደሰ ነርሶቹን በመንገድ ጭነናል። መንገዱ ላይ ነጭ መኪና ብዙ ነው፤ አንዱ ከፊታችን አለፈ፣ ሌላው ተከተለ፣ ዛፉ ሥር ነርስ ሲጠብቅ ከተቀመጠው ሰው ማንም ቀና አላለም። እኛ ገና አቧራው ውስጥ ነበርን። ሰማያዊው ኮፈኖ ከአቧራው ብቅ ሲል፣ ከሩቅ፣ አሮጊቶቹ ከዘራቸውን እየተመረኮዙ፣ ሕፃናት ያዘሉትም አንቀልባቸውን እያጠበቁ አንድ በአንድ መነሣት ጀመሩ።